ካቢኔት ውስጥ ያለው ዋይፋይ

ጭሮ ባለው ቢሮአችን ዋይፋዩ መጣ ሄደ ሲል፣ ወራት ሙሉ ጥፋቱን ላፕቶፔ ላይ አላከክሁ። አጥፍቼ አበራሁት፤ የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ አስገባሁ፤ በመጨረሻ ፎርማት አስደርጌው የሁለት ዓመት ሥራዬ ድራሹ ጠፋ። ኔትወርኩ ግን ያው ነው።

ትናንት የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የብረት ካቢኔቷን ስትከፍት፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ውስጡ ብልጭ ድርግም ሲል አየሁት።

«ምን ነክቶሽ ነው እዚህ የቆለፍሽበት? ብረት እኮ ኔትወርኩን ያፍነዋል!» ብዬ ጮህኩባት።

እሷ የንብረት ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አወጣችልኝ። «ራውተሩ እንዳይሰረቅ ተቆልፎበት ይቀመጥ» ይላል። ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ፤ አንዱ ሳላነብ የፈረምኩት የእኔው ነው።

«በቃ ይውጣ» አልኳት።

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስን» አለችኝ።

ሁለቱ አባላት ወደ ገለምሶ ተዛውረዋል። ከኮሚቴው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።