ጽጽቃ ላይ «ዋስ ጥሪ» ተባልኩ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ወልድያ መናኸሪያ

ወልድያ ገና አልነጋላትም፤ መናኸሪያዋ ግን ነቅቷል። «ሰቆጣ! ሰቆጣ! የሞላ!» ይላል ረዳቱ። ሞላ የተባለው መኪና ውስጥ አራት ሰዎች እንቅልፋቸውን ይጨርሳሉ፤ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ጭኔ ላይ ላፕቶፕ፣ ላፕቶፑ ውስጥ አርባ ሁለት ገጽ ማመልከቻ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ፊርማ የሚጠብቅ አንድ ነጠላ ወረቀት አለ። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይኸው አንድ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ፤ የማጠናው ማሽላን ነው። ባሕር ማዶ ካለች ፕሮፌሰር ሄልጋ ከምትባል የዘር ተመራማሪ ጋር የሁለታችንን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያጣምር የምርምር ድጋፍ ስንጠይቅ ይህ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። ሁለት ጊዜ ወድቀናል። ሄልጋ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ትወጣለች፤ ዘንድሮ ካልተሳካ ሌላ እሷን የመሰለ አጋር የማገኝ አይመስለኝም። የዘንድሮው ጥሪ ደግሞ አዲስ መመሪያ አለው፤ ዘር የሚሰጡት ገበሬዎች የፈረሙበት የስምምነት ደብዳቤ ካልተያያዘ ማመልከቻው ሳይነበብ ይጣላል። የሚዘጋው ሐሙስ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ገበሬዎቹ ያሉት ዋግ ኽምራ፣ ዝቋላ ወረዳ፣ ጽጽቃ ውስጥ ነው።

ከቅጹ ደግሞ አንድ ጥያቄ ባዶውን ቀርቷል። «ድጋፉ ባይገኝ ትብብራችሁ ምን ይሆናል?» ይላል። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ መልሱ «ይበተናል» ነው። ስለዚህ በየቀኑ እያየሁ አልፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ረፋድ 5 ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

ሹፌራችን ጋሽ ገብሬ ሁለት ስልክ አላቸው። በአንዱ የመንገዱን ሁኔታ ከሌሎች ሹፌሮች ይጠይቃሉ፤ በሌላው ለሚጠይቋቸው ይመልሳሉ። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱንም ጥለው መሪውን በሁለት እጅ ይይዛሉ። ይህንን ካየሁ በኋላ ልቤ ተረጋጋ።

ተራራው ከላይ እስከ ታች በእርከን ተሸንሽኗል። ድንጋዩን አንድ በአንድ የደረደረው የሰው እጅ ነው፤ መኪናው ሰዓት ሙሉ ሲጓዝ እርከኑ አላለቀም። አፈሩ ቀይና ስስ፣ ወንዞቹ ለጊዜው አሸዋ ብቻ፣ በየጥጉ ቁልቋልና ግራር። እንዲህ ያለ ገደል ላይ እርሻ የሚያርስ ሰው ምን ዓይነት ትዕግሥት እንዳለው ሳስብ በአርባ ሁለት ገጽ ማማረሬ አሳፈረኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው ሰቆጣ የምትሄጂው፣ እህቴ?» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ስለ ማሽላ ዘር ላጠና።»

«ዋጎችን ማሽላ ልታስተምሪያቸው?»

«እነሱ ሊያስተምሩኝ።»

«እሱስ ይሻላል» አሉና ፊት የተቀመጡት ሁሉ ሳቁብኝ።

ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት፣ ሰቆጣ

ሰቆጣ እንግዳ የምትቀበለው በባጃጅ ጥሩንባ ነው። ገበያው ዳር ስወርድ በአንድ ጆሮዬ አማርኛ፣ በሌላው የዋግ አገዎች ቋንቋ የሆነውን ኽምጣና፣ ከበርበሬ ነጋዴዋ በኩል ደግሞ ትግርኛ ሰማሁ፤ ሴትዮዋ በሦስቱም ትከራከራለች፣ በሦስቱም ዋጋ አትቀንስም። የፍየል ጥብስ በላሁ። ከዚያ ባለ ሆቴሉ ነጭ ማር በትንሽ ሳህን አመጣልኝ፤ የሰቆጣ ማር ሲባል የምሰማው ለካ ሲያንስ ነው የተወራለት።

ሲሳይ የመጣው እዚያው ነው። ሲሳይ የጽጽቃ ልጅ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ሆኖ በገዛ መንደሩ ይሠራል፤ ገበሬዎቹን ያገኘልኝ፣ ለእኔም የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነው።

«ነገ ሚካኤል ስለሆነ ሞፈር የሚያነሳ የለም» አለኝ። «ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሾላው ሥር ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

አንድ ሰዓት የሚለውን አምኜ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ጽጽቃ

ከሰቆጣ በጭነት መኪና ጋቢና መጣን፤ የመጨረሻውን በእግር። የቤተ ክርስቲያኑ ሾላ ግማሹን ሕዝብ በጥላው ይዞታል፤ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ፣ ቄስ አዱኛ መሐል ላይ። ደብዳቤዬን ለቄሱ ሰጠሁ።

እሳቸው አንድ አንቀጽ በአማርኛ ያነባሉ። ሲሳይ በኽምጣና ይለዋል። ከዚያ ማንበቡ ይቆማል፤ ከተቀመጡት አንዱ ተነስቶ የሰማውን በራሱ አፍ ይደግመዋል። ከሳተ «አይደለም» ይሉታል፤ እንደገና ይነበባል። ካልሳተ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ይኼ የነሱ ልማድ ነው፤ ያልተደገመ ቃል እንደተሰማ አይቆጠርም። ባለ አንድ ገጹ ደብዳቤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። መጀመሪያ ሰዓቴን አየሁ፣ በኋላ ማየቱን ተውኩት። ሁለት ጊዜ የጣሉን ገምጋሚዎች አንድ ገጻችንን እንዲህ አንብበውልን ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ቄሱ ጨርሰው ወረቀቱን ሲያጥፉ የቀለም መርገጫውን አወጣሁ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ ትብለጽ ተነሱ። ሄልጋና እኔ ልናጠናው ያሰብነውን ድርቅ የሚችል ቀይ ማሽላ ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ዝናብ በቀረበት ዓመት ሰው ዘሩን ሲበላ እሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው በዱቄት ልመና ከረሙ እንጂ ዘር ያስቀመጡበትን ቅል አልከፈቱም። ዛሬ በመንደሩ የሚዘራው ቀይ ማሽላ ሁሉ ከዚያ ቅል የወጣ ነው።

«ወረቀቱ ደግ ነው» አሉ። «ዋሱ ማነው?»

«የዩኒቨርሲቲያችን ማኅተም አለበት፣ እማማ» አልኩ። «የእነሱም አለበት።»

«ማኅተም ቤት አለው? ማታ ሄደን በሩን እናንኳኳለት? እዚህ ጎረቤቴ እንኳ ዘር ሲወስድ ዋስ ይጠራል። ሲያጭድ ይመልሳል። ካልመለሰ ዋሱን እንይዛለን። ዘሬ ባሕር ሲሻገር ያለ ዋስ ይሂድ?»

ከሾላው ሥር «እውነት ነው፣ እውነት ነው» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ።

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። በዚህ አገር ሥራ ስቀጠር ዋስ አቅርቤያለሁ፤ ቤት ስከራይ ዋስ አቅርቤያለሁ። አርባ ሁለት ገጽ ስጽፍ ግን ዋስ የሚባል ነገር አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም። ስለ ፈረንጅ ሲሆን ረሳሁት።

ረቡዕ፣ 8 ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ

«እንግዲያው ፈረንጇን ራሷን እንጠይቃት» አሉ ቄስ አዱኛ። ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ጉባኤው በሙሉ ተነስቶ ጉብታውን ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ በምርኩዝ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ እያለከለክሁ።

ሄልጋ አነሳች። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት። ወይዘሮ ትብለጽ በኽምጣና፣ ሲሳይ በአማርኛ፣ እኔ በእንግሊዝኛ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

«መሬት አላት?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ትብለጽ።

ሄልጋ መሬት የላትም፤ በረንዳዋ ላይ በማሰሮ ቲማቲም ታበቅላለች። ይህ ሲተረጎም ጉብታው በሳቅ ተናወጠ።

«ዘሬን ስትጨርስ ትመልሳለች?»

«እመልሳለሁ። ያገኘሁትንም ሁሉ እነግራችኋለሁ።»

«ዋሷ ማነው?»

ዋስ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። «እዚያ የማውቀው አንቺን ብቻ ነው» አለችኝ።

ይህን መተርጎም አልፈለግሁም። እንዴት ልፈልግ? ከዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄድ ባልደረባዬ ዋስ ገብቼለት ነበር። ሳይመለስ ቀረ። መከራውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው፣ ጥሪው፣ ኮሚቴው ሁሉ በእኔ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለእናቴ ልጅም ቢሆን ዋስ አልሆንም ብዬ ምዬአለሁ። አሁን አንድ ቃል ከአፌ ካልወጣ ደብዳቤው አይፈረምም፤ ደብዳቤው ካልተፈረመ ማመልከቻው የለም። ሁሉም አፌን ያያሉ።

«ዋሴ አንቺ ሁኚ አለችኝ» አልኳቸው። «እኔ ግን ፈራሁ።» የፈራሁበትንም ታሪክ እንዳለ ነገርኳቸው። ሲሳይ ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ።

ወይዘሮ ትብለጽ ቀርበው እጄን ያዙኝ። በዚህ ጊዜ በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ።

«ቶሎ እሺ ብትዪኝ፣ ልጄ፣ እኔ አልፈርምም ነበር። ፈራሽ። ፈርተሽ ዋስ ከሆንሽ ግን ትጠብቂዋለሽ።»

እሺ አልኩ። አለቀስኩም፤ ምን እንዳስለቀሰኝ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

ቄስ አዱኛ የዋስነቱን ቃል በእጃቸው በሁለተኛ ወረቀት ጻፉ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ደገሙት፤ አልሳቱም። ከዚያ ሰው ሁሉ በየተራው አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ። ወይዘሮ ትብለጽ ወደ ቤታቸው ሄደው ቅሉን ይዘው መጡ። ክዳኑ ላይ ያለውን አመድ በጥንቃቄ ጠርገው ሁለት እፍኝ ዘር አወጡ፣ በሁለት ጨርቅም ቋጠሩ።

«ይኼ የፈረንጇ ነው፤ ይኼኛው የአንቺ። ዋስ ራሱም ይዘራል። የእሷ ከጠፋ ከአንቺ እንወስዳለን።»

በማመልከቻችን ውስጥ የምርምር ናሙና ቢጠፋ በምን እንደሚተካ የሚያብራራ ሁለት ገጽ አለ። ሄልጋና እኔ ሦስት ሳምንት ለፍተንበታል። እማማ በአንድ እፍኝ ጨረሱት።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ሰቆጣ

መብራት አለ፤ ኔትዎርክ ይመጣል ይሄዳል። ባለ ሆቴሉ «ጣሪያው ላይ ይሻላል» ብሎ ወንበር አወጣልኝ። ደብዳቤውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አያያዝኩ። የዋስነቱንም ወረቀት ለማያያዝ ስሞክር ቅጹ «የሰነዱ ዓይነት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ዋስ የሚል የለም። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ።

ከዚያ ወደዚያች ባዶ ጥያቄ ተመለስኩ። ድጋፉ ባይገኝ ትብብራችሁ ምን ይሆናል? ያለ ምንም ማሰብ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦ «ዘሩ ከመኸር በኋላ ወደ ጽጽቃ ይመለሳል። ዋሷ እኔ ነኝ።» ለሄልጋ ልኬ አንብቢው አልኳት። «አንድም ቃል አትንኪ» ብላ መለሰች።

አስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ኔትዎርኩ ሄደ። ባለ ሆቴሉ ከአጠገቤ ቆሞ እስትንፋሱን ያዘ። ኔትዎርኩ መጣ። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» አለ። ባለ ሆቴሉ ምን እንደላክሁ ባያውቅም አጨበጨበ፣ ማርም ጨመረልኝ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቤት

ወልድያ አድሬ፣ መኪና ቀይሬ ቤቴ ገባሁ። የፕሮፌሰሯ ዘር ከአገር የሚወጣበት የወረቀት ሥርዓት እስኪያልቅ ቢሮዬ ይቆያል። የራሴን ቋጠሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጫማዬን አውልቄ አልጋዬ ላይ ተዘረጋሁ። የድጋፉ መልስ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ልተኛ አልኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሲሳይ ነው፤ ጉብታው ላይ ነው፤ እማማ ትብለጽም አሉ።

«በሰላም ገባሽ?» አሉኝ።

«ገባሁ፣ እማማ። ዘሩም ደህና ነው።»

«እዚያ ዘንቧል?»

በመስኮት አየሁ። መሬቱ ረጥቧል።

«ዘንቧል።»

«ታዲያ ተኝተሽ ነው የምታወሪኝ?»

ተነሳሁና ከጎረቤት ዶማ ለመዋስ ወጣሁ።