የዐርዋ ቀፎዎች

አሶሳ አቅራቢያ ባለው መንደር የበጋ ሣር የሚቃጠለው ጎረቤት ተጠራርቶ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዞ ነው። ዓብዱልላጢፍ ግን አምና ሰዎቹ ከገበያ እስኪመለሱ መጠበቅ ታከተውና ብቻውን ለኮሰ። ንፋሱ ዞረበት። እሳቱ እየተንጣጣ ቀርከሃው ውስጥ ገባ፤ ልጆቿን በማር የምታሳድገው የጎረቤቱ የዐርዋ አሥራ አንድ ቀፎ ከነንቡ ነደደ። መንደሩ ተሯሩጦ ሲያጠፋው፣ ንብ ሲያንጎራጉርበት የኖረው ዳገት አመድ ለብሶ ዝም ብሏል።

ክረምት ሲገባ ቀርከሃው አቆጠቆጠ። እሱም ያንኑ ያህል ቀፎ ሠርቶ ሰቀለላት፤ ንብ ግን አልገባበትም።

«ቀፎውስ ያምራል ወንድሜ፤ ንቡን አንተ ትሆንልኛለህ?» አለችው።

መሳቅ አቃተው። በየማለዳው ጆሮውን ከባዶው ቀፎ ለጥፎ ያዳምጣል። «አፉ በይኝ ዐርዋ» ይላል፣ ለቀፎው። እሷን ደጇ ላይ ሲያገኛት ግን ስለ ዝናቡ ብቻ አውርቶ ያልፋል።