እናቴ ፎቅ የወጣች ጊዜ

ፍኖተ ሰላም ላይ «አስፋልት ልውጣ» ያለ ሰው ሊገበያይ ነው። ልጅ ሳለሁ ግራና ቀኙ የእንጨት በር ያላቸው ሱቆች ነበሩ፤ ከየሱቁ ፊት በረንዳ። ጋሪዎች ከበረንዳው ጥግ ይቆማሉ፣ ፈረሶቹ ደጁን ያቆሽሻሉ፣ እናቴ ትቆጣለች፣ ባለጋሪው ይስቃል። ቆይቶ ባጃጅ መጣ፣ ከዚያ ባለመስታወት ሱቅ፣ አሁን ደግሞ ፎቅ። የመንገዱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ፎቆቹ ይጽፍ ይሆናል። እኔ የምወደው በረንዳዎቹን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ክርክር አልፈልግም።

እናቴ የቀሚስ ጥለትና ክር ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጡ ሴቶች በረንዳዋ ላይ ተቀምጠው ጥለት ይመርጣሉ፤ መርጠው ሲያበቁም ቶሎ አይነሱም። ማን እንደወለደች፣ የማን በሬ እንደታመመ የሚወራው እዚያ ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ አጠገቧ ሆነው ያስተዛዘኗት እነሱ ነበሩ።

መንገዱ ሲሰፋ በረንዳው ፈረሰ፤ ሱቁም አብሮ ሄደ። እናቴ አዲስ ከተሠራ ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል ተከራየች። ንጹሕ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ግን ወደ ጓሮ ነው። የገጠር ደንበኞቿ ድርሽ አላሉም። ቅዳሜ ቅዳሜን እየተካ እናቴ ጥለቷን ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«ገበያው ቀዝቅዞ ነው» እላታለሁ።

«ገበያውን ተይው» አለችኝ አንድ ቀን። «እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ጠፋ።»

አንጀቴን በላችው። በመጨረሻ «ልዝጋውና ቤቴ ልቀመጥ» ስትል አልተከራከርኳትም። በቀጣዩ ቅዳሜ ዕቃ በማሸግ ላግዛት ሄድኩ።

ከሕንፃው ማዶ ሦስት ሴቶች ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። የጥንት ደንበኞቿ ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም ስለሆነ እስኪያልቅ ጠበቅሁና «ምነው ማዶ ቆማችሁ? እማ እኮ እላይ ናት» አልኳቸው።

«እሱንማ እናውቃለን ልጄ» አሉኝ ትልቋ። «ፎቅ ወጣች ሲሉን ተሾመች ብለን እልል ነው ያልነ። ታዲያ ቢሮ ያለን ሰው ለጥለት ብለን እንዴት እናስቸግር? እስክትወርድ እንጠብቅ ብለን ነው።»

በእኛ አገር ከሹመቱ የተነሣ ሰውም ወረደ ነው የሚባለው። ሳቄን እያፈንኩ ወጥቼ ነገርኳት። እናቴ ስትስቅ ካየኋት ሰንብቼ ነበር።

«እንግዲያ ሳያወርዱኝ ልውረድ» ብላ ነጠላዋን አነሣች።

ታች ሲገናኙ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ከዚያ እናቴ ቅሬታዋን አልደበቀችም። «አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብትሉ ምን ነበረበት?» አለች።

«ኧረ መች ቀረን እቴ!» አሉ ትልቋ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚችው ቆመን፣ አልወርድ ስትይ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አይደል የምንመለሰው?»

እናቴ ሴቶቹ ቆመው የነበሩበትን ቦታ አየች። «እኔ ደግሞ ረሳችሁኝ ብዬ…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። የሴትየዋን እጅ እንደያዘች ከደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ሌሎቹም ጃንጥላቸውን አጥፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

እኔ ከፊታቸው እንደቆምኩ ነኝ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠራርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ። «ጥለቱን አውርጅልን እንጂ።»