ጀፎረው ላይ የተደረገልን ዱዓ

ዛሬ በቁሜ የሙት ዱዓ ተደረገልኝ።

በአንድ ለአምስት ተጠርተን፣ በቤቶቻችን ፊት በሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጀፎረው ላይ ተሰበሰብን። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ እኛ ሰፈር ድንጋይ መፍጫ ሊተከል ነው።

ሕጉ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ይጠና፣ ነዋሪውም ይጠየቅ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

አጥኚው ጥናቱን ማንበብ ጀመረ። «ቦታው ባዶ ሣር ነው። ሰው አይኖርበትም። የሚፈናቀል የለም።»

ቀና ብሎ አየንና ማንበቡን ቀጠለ። (የተቀመጠበትን ወንበር ከቤቴ ያመጣሁት እኔ ነኝ!)

መኖራችንን ላረጋግጥ ብዬ የጎረቤቴን እጅ ብነካው በረዶ ሆኗል።

የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ከድር ተነሡ። «ልጄ፣ እዚህ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ ይላል?»

«ጥናቱ ሰው አላገኘም፣ አባባ።»

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው፣ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ፣ ለሟቾች የሚለመነውን ምሕረት ለመኑልን። የእኔም ስም ተጠራ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። እኔ ጴንጤዋም «አሜን» አልኩ።

አጥኚውም አብሮን «አሚን» አለ። ከዚያ «ስለ ድጋፋችሁ እናመሰግናለን» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያለ ጥናት ተነቦ ያውቃል? በሕይወት ነበራችሁ?