የተደበቀው የስፌት መኪና

ልብስ ሰፊው ከመሰላል ወድቆ ግራ እግሩ ከከዳው ወዲህ በየወሩ የድጋፍ ገንዘብ ይሰጠዋል። የቤት ኪራዩም መድኃኒቱም ከዚያችው ነው። ታዲያ "ኑሮዎን ለማየት ሰኞ ከድጋፍ ቢሮው ሠራተኛ ይመጣል" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ንብረት ያለው ከድጋፉ ይሰረዛል ሲባል ሰምቷላ።

ከቤቱ ንብረት የሚባል አንድ የስፌት መኪና ነው፣ በእጅ የሚዞር። እሁድ ከጎረቤቱ ጋር ተጋግዘው ወደ እሷ ቤት አሻገሩት። ጎረቤቱን ወሬ ስለማያልቅባት ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይላታል።

"አደራ እህቴ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

"እኔ? ከመቃብር የባስኩ ነኝ!"

"እሱማ፣ ባትሪሽ ካለቀ ነው።"

ሰኞ የመጣችው ልጅ እግር ሴት ናት። ወረቀቷን ገለጠች፣ ባዶውን ጠረጴዛ አየች።

"ጋሼ፣ አምና የሞሉት ቅጽ ላይ የስፌት መኪና አለ። የት ደረሰ?"

"እ... የለም።"

"ሸጡት?"

"እንዲያው... የለም።"

"ከሸጡት ገንዘቡ እንደ ሀብት ይቆጠራል፣ ከልክ ካለፈም ድጋፉ ይቆማል። መኪናው ራሱ ግን የሥራ መሣሪያ ነው፣ አይቆጠርብዎትም ነበር።"

ከድጡ ወደ ማጡ! ምርኩዙን አንስቶ "ይከተሉኝ" አላት።

ሬዲዮ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ገና ከሩቅ ስታያቸው፣ "የኔ ነው! ከእናቴ የወረስኩት ነው!" ብላ ጮኸች።

"ምኑ?" አለች ልጅቱ።

ዝም ቢል መኪናው እንደተሸጠ ይቆጠራል፤ ቢናገር ውሸታም ይባላል።

"የኔ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ፈርቼ ነው የደበቅሁት። እሷ ለኔ ብላ ነው።"

ልጅቱ ጻፈች። ብዙ ጻፈች።

"ሰፍተው የሚያገኙት ገቢ ግን ይቆጠራል። ባለፈው ወር ምን ሠሩ?"

"ሱሪ አሳጠርኩ፣ ዚፕ ቀየርኩ። ግማሹን በነጻ ነው።"

"የነጻውን አልጽፍም፤ የተከፈልዎትን ይንገሩኝ።"

የሸሚዝ ቁልፍ የተከለበትን ዋጋ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገራት።

"እና፣ ድጋፉ ይቀጥላል?"

"ገቢዎ ከልኩ በታች ነው። መደበቅዎን ግን አለቃዬ ያየዋል። መልሱ በሦስት ሳምንት በደብዳቤ ይደርስዎታል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ሳያይ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የሚያስገባው ሰውዬ ብዕሩን ሁለት ጊዜ ጣለው። በሦስተኛው ፈረመ።