ያልታሰሩት እስረኛ

ባለፈው ወር ቦንጋ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ ዜጎች መብት ወርክሾፕ ተደርጎ ነበር። መጣጥፍ ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሁን ወንበር እንዲሞላ፣ እኔም ተጠራሁ። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከውስጥ አንዲት ወጣት ጠበቃ በፕሮጀክተር ታግዛ፣ ሰውን ያለ ክስ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር የሚፈቅዱ ሕጎች በየአገሩ ፍርድ ቤት እንዴት እንደተሞገቱ ታስረዳለች። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ እሷ ግን አላቆመችም። «ከእናንተ መካከል አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ጽፎ የሚያውቅ አለ?» ስትል ጠየቀች። እጄን አላነሳሁም። ድንግዝግዙ ረዳኝ።

ጽፌ አውቃለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር። የተመደብኩባትን ትንሽ ከተማ ስም መጥራት አልፈልግም፤ ከቦንጋ ወጣ ብላ፣ በክረምት መኪና የማይደፍረው የጭቃ መንገድ ዳር ያለች ናት። ሕገ መንግሥት በቃሉ እንደያዘ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አደገኛ ፍጡር የለም። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ብዬ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ በደብተራቸው ይገለብጣሉ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ጋሽ አደሎ አምስተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

ጋሽ አደሎ የማንኪራ ሰው ነበሩ፤ ማር ቆራጭ። ቀፏቸውን ረጅም ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ ጊዜው ሲደርስ በገመድ ወጥተው፣ ንቡን በጭስ አባረው ማሩን ያወርዳሉ። በዚያ ዓመት በጋ አንድ ባለሀብት የወሰደው የቡና መሬት ተቃጠለ። ጭስ ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ሲፈለግ እሳቸው ተገኙ። ክስ አልተመሠረተባቸውም። መልሱ ሁልጊዜ «ምርመራው አላለቀም» ነው፤ ሲመረመር ያየ ሰው ግን የለም። የነጩ ማር ጊዜ እየደረሰ ነበር። ዛፍ የሚወጣላቸው ሌላ ሰው የላቸውም፤ ዝናቡ ከበረታ የዓመቱ ማር እዚያው ዛፉ ላይ ይቀራል።

እስራቱ ግን የአገር ልጅ እስራት ነበር። ታማኝ ሰው ስለሆኑ ብቻቸውን ወንዝ ወርደው ውሃ ይቀዳሉ፣ የጣቢያውን ጓሮ ያርማሉ፣ በገበያ ቀን ለፖሊሶቹ ጎመን ገዝተው ይመለሳሉ። ለዚህ ሁሉ ኃላፊነት የወሰደው አንድ አሥር አለቃ ነው። እንደማይጠፉ ቃላቸውን ሰጡት፤ እሱም ተቀበለ። ወረቀት አልነበረውም፤ አላስፈለገም።

አቤቱታውን በሦስት ገጽ ጽፌ ለጋሽ አደሎ አነበብኩላቸው። አምስት አንቀጽ ጠቀስኩ፤ አንዱ ይበቃ ነበር። ፍርድ ቤቱም ጣቢያው ሰውዬውን ይዞ ቀርቦ ያሰረበትን ምክንያት እንዲያስረዳ አዘዘ። አገር የቀየርኩ መሰለኝ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከዛፎቹ ሳይነሳ፣ ጋሽ አደሎን መንገድ ላይ ብቻቸውን ሲመጡ አገኘኋቸው።

«ጠባቂዎስ?»

«አሥር አለቃው ጫማው ተበጥሶ እያሰፋ ነው። ‹ቅደም፣ እደርስብሃለሁ› አለኝ።»

«ቁርስ በልተዋል?»

«እስረኛ ደግሞ ምን ቁርስ አለው፣ መምህር!» ብለው ሳቁ።

ምግብ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልን። እያጣጣሙ በሉ፤ ስለ ንቦቻቸው፣ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ሆነን እየተጫወትን ችሎት ገባን። በሕይወቴ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ የዚያን ጠዋት ያህል በደግነት የተሳሳትኩበት ቀን ግን የለም።

የጣቢያው መርማሪ ቀድሞን ተቀምጧል። ሲጠየቅ ተነሳና፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ ያሰርነው ሰው የለም» አለ። «ለምርመራው ትብብር እያደረገልን ነው። ዛሬም በገዛ እግሩ፣ ከመምህሩ ጋር ቁርሱን በልቶ ነው የመጣው።»

ዳኛው ወደ ጋሽ አደሎ ዞሩ።

«ማን አመጣህ?»

«ብቻዬን መጣሁ፣ ጌታዬ።»

«ማታ በር የሚቆልፍብህ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ከውስጥ። ጅብ ይገባል።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ብድግ ብዬ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችሉ እንደሆነ ይጠየቁልኝ» አልኩ። «ተቀመጥ መምህር፤ ይሄ ክፍል አይደለም» ተባልኩ። ያልታሰረን ሰው መፍታት ስለማይቻል መዝገቡ ተዘግቷል፤ ውሳኔው ይኸው ነበር።

ደጅ ስንወጣ እጃቸውን ያዝኩ። «በቃ ወደ ቤትዎ ይሂዱ! አልታሰረም ሲሉ ዳኛ ሰምቷል እኮ።»

«ሂድ ያለኝ አለ?»

«ያልታሰረ ሰው ሂድ አይባልም!»

«አሥር አለቃውስ? እኔ ከሄድኩ በኔ ቦታ የሚገባው እሱ ነው። የአራት ልጆች አባት ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጥሩ ጽፈሃል፣ መምህር። አንብበህልኝ ደስ ብሎኛል።»

ቁልቁል ወደ ጣቢያው ሄዱ። አሥር አለቃው ጫማውን አሰፍቶ እየሮጠ ሲመጣ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ እያወሩ አብረው ተመለሱ።

የጅቡ ወሬ ግን አለቆች ጆሮ ደረሰ። በሳምንቱ በሩ ከውጭ ጓጉንቸር ተደረገለት፤ ወንዝም ገበያም ቀረ። አቤቱታዬ ያልታሰሩትን ሰውዬ አሳሰረ ማለት ነው። አሁን ማንም ሊክዳቸው የማይችል እስረኛ ስለሆኑ፣ ዳግም ባመለክት መርማሪው የሚለው አይኖረውም ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ግን የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኛል፤ ርእሰ መምህሩም «ሥራህ ማስተማር ነው» ብለውኛል፤ ከሁሉም በላይ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ወላጆቼ ሄድኩ። መስከረም ላይ ስመለስ ጋሽ አደሎ ሳይከሰሱ ተፈተዋል። ማሩ ዛፍ ላይ ቀርቷል። በዚያው ሳምንት፣ እንደ ደንቡ፣ ስለ አርባ ስምንት ሰዓት አስተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነፃነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከሚገባኝ በላይም ጽፌያለሁ። ሰው ነፃነቱን የሚያጣው በክፉ ሕግ ነው ሲባል አልስማማም። የእኛ ሕግ ደህና ነበር። የደከመው ሕጉ አልነበረም።

በወርክሾፑ ማግስት ማንኪራ ሄድኩ። ጋሽ አደሎ አርጅተዋል፤ ዛፍ መውጣት ከተዉ ቆይተዋል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ዝናቡን ስናይ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳልጠይቃቸው የኖርኩትን ጠየቅኋቸው።

«ያን ጊዜ ሁለተኛ አቤቱታ ስላልጻፍኩልዎ ተቀይመውኛል?»

ዞር ብለው አዩኝ።

«ሁለተኛ ይቻል ነበር እንዴ?»

«ይቻል ነበር» አልኩ። ይህን ለመናገር ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀብኝ። ከመማሪያ ክፍሌ እስከ ጣቢያው የሁለት ደቂቃ መንገድ ነበር።