ለግድግዳ የተሠራው መስቀል

ጾንዮ ጣሪያ ሠሪ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ በሸክላ ያለበሰው እሱ ነው፤ የመስጊዱንም፣ የማዘጋጃ ቤቱንም። እኔ ቧንቧ ስለምሠራ ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ እንገናኛለን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። የዛሬ ሁለት ዓመት በመኸር ከአንድ የትንባሆ ማድረቂያ ጣሪያ ላይ ወድቆ ዳሌውን ሰበረ። ዕድሜው ስልሳ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ከእንግዲህ መሰላል አይወጣም ብለን ነበር።

የብርዱን ወራት ተኝቶ ከረመ። ሚስቱ ኔድካ ደግሞ ሐዘኗን የምትወጣው በምጣድ ነው፤ አይብ የተጠቀለለበት ባኒትሳ የሚሉት ቂጣ ከአልጋው ራስጌ ጠፍቶ አያውቅም። ሰውየው ወፈረ። ሸሚዙ አልቆለፍ አለ፣ ከአልጋ እስከ መስኮት መሄድ እንደ ሥራ ቆጠረው።

ጥምቀት ዕለት መስቀሉ ቤቱ መጣ። በኛ ዘንድ ካህኑ ከድልድዩ ላይ ወንዙ ውስጥ የወረወሩትን መስቀል ዋኝቶ ያወጣ ሰው፣ ለዚያ ቀን ባለቤቱ እሱ ነው። በመዳብ ባልዲ ጠበል ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ መጀመሪያ የሚገባው የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው። ባለመስቀሉ ጾንዮ እስከተኛበት ክፍል ገብቶ በበሶብላ ፊቱን ረጨው። ሲወድቅ ያላለቀሰው ሰው ያን ቀን አለቀሰ። በማግስቱ፣ «ኔድካ፣ ከዘራውን አምጪልኝ፤ ባኒትሳውን ውሰጂው» አለ።

መጀመሪያ እስከ ግቢው በር ሄደ። ከዚያ እስከ ድልድዩ፤ ሙቀቱ ሲገባ ደግሞ ኮረብታው ላይ እስካለው የውሃ ታንከር። የመንደር አውቶቡስ የሚነዳው ሬምዚ ሙስሊም ቱርክ ነው፣ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስበት ሆን ብሎ ቀስ ይላል። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ብቅ እያሉ፣ «ጋሽ ጾንዮ፣ ና ግባ፣ ቦታ አለ» ይሉታል። እሱም ላቡን እየጠረገ፣ «ሂዱ ሂዱ፣ እየደረስኩባችሁ ነው» ይላል።

እስከዚህ ድረስ የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር። በመኸር ነገሩ የከተማው ሆነ። ከንቲባችን ካምቡሮቭ ለምክር ቤቱ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ለጥምቀት አዲስ የነሐስ መስቀል ይሠራ፤ ከወንዙ እንደወጣም ቤት ለቤት መዞሩ ቀርቶ በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሄዶ ከከንቲባው ወንበር በላይ ይሰቀል፤ የምክር ቤት አባላትም ከሥሩ ቆመው ይማሉ። ሬምዚም የምክር ቤት አባል ነው። «እኔስ የት ልቁም?» ብሎ ሲጠይቅ ሳቁ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ምስማሩም በዚያው ሳምንት ግድግዳው ላይ ተመታ።

ሬምዚ ይህን ቡና ቤት ሲነግረን ጾንዮ አልሳቀም።

«በኮሚኒስቶቹ ዘመን አባቴ መስቀሉን ሲያወጣ ፖሊስ ድልድዩ ላይ ቆሞ የሰው ስም ይጽፍ ነበር» አለ። «ያኔ መንግሥት ወንዙን ከለከለን። ዛሬ ደግሞ መስቀሉን ወደ ቢሮው ሊወስደው ነው። ያው አንድ እጅ ነው። ለመሆኑ ላልካን ማን ሊረጫት ነው?»

ላልካ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ ከተኛች ከርማለች፤ የጥምቀትን ቀን በጉጉት እየጠበቀች ነበር።

«እኔ አወጣዋለሁ» አለ ጾንዮ።

«አንተ ከገባህማ» አለው አንዱ፣ «ወንዙ ገበያው ድረስ ይወጣል።»

«ይውጣ። ገበያውም መታጠብ አለበት።»

የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅምበትን በርሜል ግቢው መሃል አቆመ። ጠዋት ጠዋት በረዶውን በመዶሻ ሰብሮ ይገባል፤ ትንፋሹን ይዞ ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይጠልቃል። ኔድካ ፎጣ ይዛ ከአጠገቡ ቆማ ትራገማለች። ዳቦ ቀነሰ፣ ራኪያ የሚባለውን አረቄ ተወ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳሁለት እኔ ነኝ፤ ጥቂት ቆይቼ ሌላ ጨመርኩ።

ቤተ ክርስቲያን ጠል ነው ያሉት ነበሩ። ጾምና ቅዳሴ የማያጓድለውን ሰው! ካህናችንን አባ ስቲልያንን ራሱ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። እሳቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እድሳት እንደረዳቸው፣ አሁን እምቢ ማለት እንደሚከብዳቸው ነገሩት።

«አባ፣ ያን ጣሪያ እኔ ነኝ የሠራሁት» አላቸው። «ሁልጊዜ የሚያፈሰው ሁለት ጣሪያ የተጋጠመበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ውሃውን ለብቻው ቢያወርድ ደግ ነው።»

አባ ጺማቸውን ዳሰሱ።

የጥምቀት ዕለት ዋናተኞቹ ድልድዩ ላይ ተደረደሩ፤ ፊት የቆመው ለአዳራሹ የሚዋኘው የከንቲባው የእህት ልጅ ነበር። ጾንዮ ዳሌው መዝለል ስለማይፈቅድለት ከዳር ጀምሮ በእግሩ ገባ፤ ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ ጠበቀ። አባ መስቀሉን ወረወሩ። ልጆቹ ዘለው እንደ ወትሮው ወደ ታች፣ ወደሚፈስበት ዋኙ። የድሮው መስቀል እንጨት ነበር፤ ይንሳፈፍና ውሃው ይወስደዋል። ይሄኛው ግን ለግድግዳ የተሠራ ነሐስ ነው፤ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ። ይህን ካምቡሮቭም፣ አባም፣ ማናችንም አላሰብነውም።

ጾንዮ ከፊቱ ሲሰጥም አየው። ጠለቀ፤ ባዶ እጁን ወጣ። ደግሞ ጠለቀ። ልጆቹ ስህተታቸው ገብቷቸው ሲመለሱ ብርዱ ትንፋሻቸውን ቆርጦት ነበር፤ አንድ ባንድ ወደ ዳር ወጡ። እሱ እየወጣ እየጠለቀ ቀጠለ። ኔድካ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር። በመጨረሻ ሲወጣ ጭቃ የለበሰውን መስቀል አንገቱ ሥር አጣብቆ ይዟል።

ካምቡሮቭ ፎጣ ይዞ ወረደ፤ ሌላኛውን እጁን ለመስቀሉ ዘረጋ።

«ፎጣውን ስጠኝ» አለው ጾንዮ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «መስቀሉ ቤት ለቤት ይዞራል።»

«ጾንዮ፣ ምክር ቤቱ የወሰነው እኮ ነው።»

«ምክር ቤቱ ወንዝ አልገባም።»

ካምቡሮቭ ወደ አባ ስቲልያን ዞረ። አባ የመዳብ ባልዲውን አንስተው ጠበል ሞሉት፣ በሶብላውን ጨመሩበትና ለጾንዮ ሰጡት።

መጀመሪያ የገባው ላልካ ቤት ነው። ደህና የሆነውን እጇን መስቀሉ ላይ አድርጋ፣ «ቀዝቃዛ ነው» አለች። «እኔም ነኝ» አላት። ሳቀች። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ሳል የያዛትን ዘበኛ በር ላይ ረጭቶ ደረጃውን ሳይወጣ አለፈ። ሬምዚ ደጃፍ ላይ ባልዲውንና መስቀሉን አጥር ሥር ለኔ ትቶ ገባ፤ የሬምዚ ሚስት ትኩስ ሾርባ አጠጣችው። ማታ መስቀሉ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ።

ምስማሩ ዛሬም አዳራሹ ውስጥ አለ፤ ካምቡሮቭ ኮፍያውን ይሰቅልበታል። ጾንዮን በጥምቀት ማግስት ጠዋት ወደ ውሃ ታንከሩ ሲወጣ አገኘሁት። ለምን እንዳላረፈ ብጠይቀው ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተሰበረ ሸክላ ማየቱን ነገረኝ፤ በረዶው ሲቀልጥ መሰላል ወጥቶ ሊጠግነው ነው።